ክራከሬ ማታ ላይ ለምን ይለሰልሳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ከአይብ፣ ከስልጆና ከመሳሰሉት ማጥቀሻዎች ጋር ለእንግዳ የሚቀርብ ስስ፣ ጨው ጨው የሚል ክራከር ቤት ውስጥ ለመጋገር እየሞከርኩ ነው። ከኦቭን ሲወጣ ኮሽ ኮሽ ይላል። ማታ ላይ ግን እንደ ቆዳ ይለጠጣል። አንዳንዱ መሃሉ ያባብጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዳር ዳሩ አርሮ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በዚያው ልክ ጋግራ ቆንጆ ወጣላት። ጎረቤቴ ‹ደሴ ከፍታ ስለሆነ ሊጡ አይነሳልሽም፤ ቤኪንግ ፓውደርና እንቁላል ጨምሪበት› አለችኝ። ልጨምር ወይ? ቅቤ ይሻላል ዘይት? ከተሳካልኝ ለካፌዎች ላቀርብ አስቤያለሁ፤ ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ ቤኪንግ ፓውደሩንም እንቁላሉንም ተይው። ያንቺ ችግር ሊጡ አለመነሳቱ አይደለም። ችግርሽ ውሃ ነው። ክራከሩ ውስጥ ሳይወጣ የቀረ ውሃ አለ። በዚያ ላይ ከደሴ አየር የሚስበው ይጨመርበታል።

ጎረቤትሽ ስለ ከፍታ ያነሳችው ከመሬት ተነስታ አይደለም፤ ነገሩን ግን ገልብጣዋለች። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ሊጥ ውስጥ ያለ ጋዝና እንፋሎት የበለጠ ይነፋል። ከፍታ ቦታ ላይ ኬክ የሚጋግሩ ሰዎች ቤኪንግ ፓውደር የሚቀንሱት ለዚህ ነው። አንቺ አሁንም መሃሉ እያባበጠ አስቸግሮሻል። ቤኪንግ ፓውደር ብትጨምሪበት ይብሳል እንጂ አይስተካከልም።

እንቁላልም ከሦስት አራተኛው የማያንሰው ውሃ ነው። ቀለሙን ያሳምረዋል፣ ሊጡንም ያጠነክረዋል። ኮሽታ ግን አይሰጥም። ውሃ ለማስወጣት እየታገልሽ ሌላ ውሃ መጨመር ምን ይረባሻል?

ደግሞ ክራከር ሲጀመርም ብዙ ነገር የሚገባበት ምግብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1801 ጆሳያ ቤንት የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሚልተን በምትባል ከተማ የጀመረው ክራከር ዱቄትና ውሃ ብቻ ነበር። የተፈለገው መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ እንዲቆይ ነው። ያቆየው የነበረው ድርቀቱ ነው። የእኛ ዳቦ ቆሎም ጣሳ ውስጥ ሳምንታት የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። በእሳት ላይ ቀስ እያለ እስከ ውስጡ ድረስ ይደርቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጥሩ ክራከር ተጋግሮ ሲያልቅ ከክብደቱ ውስጥ ውሃው ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ወደ 7 እና 8 በመቶ ሲጠጋ ኮሽታው ይጠፋል። ከኦቭን ትኩሱን ስታወጪው ዳሩ ደርቋል፣ መሃሉ ግን ገና ውሃ ይዟል። በዚያ ሰዓት ስትቀምሺው የደረሰ ይመስልሻል። ሲቀዘቅዝ የመሃሉ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉም እኩል ልፍስፍስ ይላል። «ማታ ላይ ለሰለሰ» የምትይው ግማሹ ይህ ነው። አየሩ ገና ምንም ሳያደርገው፣ ከራሱ ውስጥ በወጣ ውሃ ለስልሷል ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ የአየሩ ነው። ክራከር ስስና ደረቅ ስለሆነ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ሳይከደን የተቀመጠ ክራከር ኮሽታውን ይዞ አይቆይም። በሐምሌና በነሐሴ ከጦሳ ተራራ ላይ የሚወርደውን ጭጋግ ታውቂዋለሽ፤ ያ አየር ከዚህ ቁጥር በጣም ይበልጣል። በዚያ ወቅት ሳህን ላይ ደርድረሽ እንግዳ የምትጠብቂ ከሆነ የማንም አሠራር አያድንሽም።

የእህትሽ ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። በመኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ እስክትደርሺ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን በ650 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች በአየሩ ላይ ያለው እርጥበት እንደ ደሴ በቀላሉ ወደ ክራከር አይገባም። ይህ ብዙ ያግዛታል። ግን ሁሉንም ለአየሩ አልሰጥም። እህትሽ ሊጡን ከአንቺ አሳስታ ዳምጣው ይሆናል፤ ኦቭኗም ከአንቺ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሳትጠይቂያት «ቦታው ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እሷም ከችግሩ አታመልጥም።

ስለ ኦቭን ካነሳን፣ ዳሩ አርሮ መሃሉ ነጭ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው፦ ሊጡ እኩል አልተዳመጠም፣ ወይም ኦቭኑ የምታስቢውን ያህል አልሞቀም። አብዛኛው ቤት ያለው ትንሹ የጠረጴዛ ኦቭን ነው፤ ከላይና ከታች ሽቦ ያለው። በእሱ ላይ የመብራቱ ኃይል መውረድ አለ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ኦቭኑ የሚሰጠው ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። መደወያው 200 ላይ ነው፤ ውስጡ ግን 200 አይደለም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የምትጋግሪ ከሆነ ሰዓትሽን ቀይሪ። ጠዋት ረፈድ ሲል ይሻላል። ትሪውን መሃል ላይ አድርጊው፤ የመጋገሪያው ጊዜ ሲጋመስ አዙሪው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቺ፤ የቀረውን በኋላ በማድረቅ ትጨርሺዋለሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 5 ግራም ጨው (አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ጎደል ያለ)፣ 40 ግራም ዘይት (ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በጣትሽ እሺው፤ ውሃውን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ማለት አለበት። ብዙ አትሺው። አንድ ላይ ከያዘ በኋላ ሸፍነሽ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አሳርፊው። ካላረፈ ዳምጠሽ እጅሽን ስታነሺ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ያኔ «መዳመጫዬ አይሠራም» ትያለሽ። ጥቁር አዝሙድ፣ ሰሊጥ ወይም የተፈጨ ጦስኝ እዚህ ላይ ይገባል። ስኳርና ማር ግን አታስገቢ፤ እርጥበት ይስባሉ።

ጨውም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ለውበት ብሎ ላዩ ላይ ደቆስ ያለ ጨው ይበትናል። በበጋ ያምራል። በክረምት ግን ያ ጨው ራሱ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ላዩን ያወረዛዋል። ጨውሽን ሊጡ ውስጥ ጨርሺው።

ውፍረቱ ላይ አልከራከርም፦ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከወፈረ ቂጣ ነው። በዓይን መለካት ስለሚያሳስት አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ከተቆረጠው ሊጥ ዐሥሩን ዱቄት ነስነስ አድርገሽ ደራርቢና በማስመሪያ ለኪው። ዐሥሩ አንድ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም። ለረመዳን የሳምቡሳ ሊጥ የምትዳምጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለችሽ ሂጂና እጇን እይ። ደሴ ውስጥ ለዚህ ከእሷ የተሻለ አስተማሪ አታገኚም። ሊጡን ትንንሽ አድርጋ ትከፍለዋለች፣ ከመሃል ወደ ዳር ትገፋዋለች፣ በየጊዜው ታዞረዋለች። አንቺም ትልቅ ሊጥ በአንዴ አትዳምጪ። በአራት ክፈዪው፤ ያልደረሰውን ሸፍኚው፤ ላዩ ቶሎ ይደርቃል።

ማባበጡን የምታስቀሪው በሹካ ነው። በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ፣ ሹካው ትሪውን እስኪነካ ድረስ ውጊው። ላዩን ብቻ መንካት ዋጋ የለውም። እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች እስከ ላይ መሆን አለበት። ደሴ ላይ ውሃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ እንፋሎቱ ቶሎ ይነሳል፤ ስለዚህ ከሌላው ቦታ ጠንከር አድርገሽ ውጊ።

በ200 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሪ። የታች ገጹን ገልብጠሽ እይ፤ ወርቃማ ነጠብጣብ ካለው የመጀመሪያው ሥራ አልቋል። ሁለተኛው ሥራ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ነው፦ ማድረቅ። ኦቭኑን ወደ 110 ዲግሪ አውርጂ፣ ክራከሩን ከትሪው አንስተሽ በሽቦው ላይ ዘርጊው፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ተይው። ኦቭንሽ ዝቅተኛ ሙቀት ከሌለው አጥፍተሽ በሩን በእንጨት ማንኪያ ትንሽ ገርበብ አድርገሽ እዚያው ይቀዝቅዝ። ቀለም አይጨምርም፤ የሚወጣው የመሃሉ ውሃ ነው።

መድረሱን የምታውቂው በምላስ ሳይሆን በሚዛን ነው። በዚህ ልክ ከተሠራ 100 ግራም ሊጥ ተጋግሮና ደርቆ 66 ግራም ገደማ ይመዝናል። 70 ከሆነ አልደረቀም፤ ምንም ያህል ቢያምር መልሺው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ከሌለሽ ግዢ። ሚዛን እስክታገኚ ድረስ አንዱን ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከመሃሉ ስበሪው። ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው። ከመሰበሩ በፊት ትንሽ እንኳ ከጎበጠ ውሃ አለው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትኩሱን አውጥተሽ መስኮት ላይ አታስቀምጪ። ዳሩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ የሆነ ክራከር በድንገት ሲቀዘቅዝ ማንም ሳይነካው በማግስቱ በመሃሉ ይሰነጠቃል። ለራስሽ ከሆነ ግድ የለም። ለካፌ ካቀረብሽ ግን ዕቃውን ሲከፍቱ የሚያገኙት ስብርባሪ ነው።

ቅቤ ወይስ ዘይት? ለመቆየት ዘይት። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃም የወተት ቅሪትም አለ። ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ግን ጠረኑ ቶሎ ይለወጣል፣ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሙቀት። ቅቤ ቅቤ እንዲል ከፈለግሽ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ከዘይቱ ግማሹን ተኪበትና በሳምንት ውስጥ ብሉት። ከዘይትም የኑግ ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ጣዕሙ ይጫናል፣ ተጋግሮ ሲቆይም ይከረፋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ለመቆየት ጥሩ ነው። ደሴ ብርድ ላይ ስለሚጠጥር መጀመሪያ አቅልጪው። ሌላ ጥቅምም አለው፦ በዘይት የተሠራው ጾመኛውም ፍስክ የሚበላውም እኩል ያነሳዋል።

ጤፍ ለምትወጂ፣ ከዱቄቱ እስከ አንድ ሦስተኛው ድረስ ጤፍ ማድረግ ይቻላል። ኮሽታው እንዲያውም ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ ጤፍ ከሆነ ግን የሚያያይዘው ነገር ስለሌለ ሲዳመጥ ይፈራርሳል። መፍትሔው አብሲት ነው። ከጤፍ ዱቄቱ ጥቂቱን በውሃ አብስለሽ አወፍሪው፣ ለብ ሲል ቀሪውን ዱቄት በእሱ አቡኪ። ሁለት ላስቲክ መሃል አድርገሽ ዳምጪ። ስንዴ በሐኪም ለተከለከለ ሰው የምታቀርቢ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ወፍጮ ቤቱ ስንዴ በፈጨበት ወፍጮ ጤፍሽን ከፈጨልሽ ያ ዱቄት ለእሱ አይሆንም።

ወደ ገበታው ስንመጣ፣ ክራከር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አይብ ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። ቀብተሽ ከደረደርሽው በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፤ ጥፋቱ የጋጋሪው አይደለም። አይቡን ከዋዜማው በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረሽ ፍሪጅ ውስጥ ወንፊት ላይ አስቀምጪ፣ አጓቱ ይንጠፍጠፍ። ከዚያ በጥቂት ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ፣ በኮሰረትና በሚጥሚጣ ለውሺው። በሳህን ለብቻው ይቅረብ፤ እንግዳው ራሱ ይቀባ። አይብን ሳሎን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አታስቀምጪ፤ የተረፈውን ወደ ፍሪጅ መልሺ። ከሱቅ የሚገዛው ጠንካራ ፎርማጆ ውሃው ያነሰ ስለሆነ ለክራከር ይመቻል፤ ዋጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስልጆ ወፈር ካለ በጣም ጥሩ ነው። ስናፍጩ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ጨው ብቻ ያለው ክራከር ያበርደዋል፤ ለዚህ ጥንድ እኔ አደላለሁ። ሁሙስም ይሆናል። አዋዜን ግን በውሃ አታቅጥኚው፣ በዘይት ለውሺው።

የለሰለሰውን አትጣዪ። 150 ዲግሪ ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ መልሺው፤ ይድናል። ጠረኑ ተለውጦ ከሆነ ግን አይድንም። እንግዳው ነገ ከሆነና ኦቭን ከሌለሽ ደግሞ ክራከር ላይ አትድከሚ። ስስ እንጀራ በሦስት ማዕዘን ቆርጠሽ፣ ዘይት ቀባ አድርገሽ፣ በዝቅተኛ እሳት ምጣድ ላይ እያገላበጥሽ ድርቆሽ አድርጊው። ከአይብ ጋር ማንም አይጠላውም።

ለሽያጭ ያልሽውን በግልጽ ልንገርሽ። አሁን አትጀምሪ። በመጀመሪያ ሦስት ተከታታይ ጊዜ ሚዛኑ 66 ላይ ይምጣልሽ። ከዚያ ፌስታል ቋጥሮ ማስረከብን እርሺው፤ ቋጠሮ እርጥበት አያግድም። ላስቲክ የሚያሽግ የሙቀት ማሸጊያ ያስፈልግሻል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝም አታሽጊ፤ ውስጡ ላብ ይሠራል። አንዱን ፓኬት በታሸገ በሳምንቱ፣ አንዱን በሁለት ሳምንቱ ራስሽ ቤት ከፍተሽ ቅመሺ። ለካፌው ቃል የምትገቢለት ቀን ከዚያ የሚወጣ እንጂ ከሌላ ሰው ፓኬት ላይ የሚቀዳ አይደለም። በበጋ፣ በትእዛዝ፣ በትንሽ መጠን ጀምሪ። ለክረምት ያልተከፈተ ፓኬት ብቻ ስጪ፤ ካፌው ከፍቶ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ የሚደረድረው ከሆነ አትሽጪለት። ሲለሰልስ ስሙ የሚነሳው የአንቺ ነው።